ሸማኔው እንድሪስና የማይነሣው ዶቅዶቄ

የእንድሪስን ሞት ያረዳኝ ታናሽ ልጁ ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በአሮጌ ዶቅዶቄ መጥቶ ከቤቴ በር ላይ ቆመና፣ «እማማ አትጠገብ፣ አባባ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ። ቀብሩ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። ብዙም አልጮህኩም። በእኔ ዕድሜ ለሙት መጮህ ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጁ ገና የሚያረዳቸው ዘመዶች ስለነበሩት ቶሎ ሊሄድ ተነሣ። ዶቅዶቄው ግን እምቢ አለው። ረገጠው፣ ደግሞ ረገጠው፣ ላብ በላብ ሆነ።

«ልጄ፣ አትርገጠው። መጀመሪያ ጠይቀው እንጂ» አልኩት።

«ምኑን ልጠይቀው፣ እማማ?»

«ጠጥተሃል? እሳት አለህ? ትተነፍሳለህ?»

ልጁ እግሩን ከመርገጫው አንሥቶ አየኝ። «ይኸ የአባባ ነገር ነው እኮ!» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የቤንዚኑን መክፈቻ ለካ ሲያቆመው ዘግቶት ኖሯል፤ ኀዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ከፈተው፣ አንዴ ረገጠው፣ ተነሣ። እኔ ያለቀስኩት ገና ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ወደ ቡሬ የሚሄድ አውቶቡስ ፍለጋ ወጣሁ። በመንገድ ሁሉ ስለ እንድሪስ ሳስብ ነው የሄድኩት።

ቡሬ ውስጥ የእናቴን ቤትና የእንድሪስን ቤት የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነበር። እሱ ሸማኔ ነው፣ እናቴ ፈታይ። የፈተለችውን በአጥሩ ላይ ታቀብለዋለች፣ እሱም ጋቢ ወይም ነጠላ አድርጎ በዚያው አጥር ላይ ይመልስላታል። እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ እሱ እስላም፤ የሚለያየን የሥጋ ገበታ ብቻ ነበር። በጾም ወራትማ ሥጋውም ስለሌለ ያው አንድ ቤት ነበርን።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነው። ከሸማ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሸምን ስለሚውል ጀርባው ጎብጦ ቀርቷል። ከጢሙ ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም፣ በዒድ ቀን እንኳ። ሰው ሲያናግረው ወዲያው አይመልስም፤ መጀመሪያ «አይይ» ብሎ ይተነፍሳል፣ ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ችኩል ስለሆንኩ እስኪመልስልኝ ድረስ አንጀቴ ያርር ነበር። ድር ሲበጠስበት እንኳ አይቆጣም። እጁን ከጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ብቻ ከወዲያኛው ጫፍ ተነሥቶ ክር በክር እያለፈ ይመጣል።

አንድ ቀን «አያ እንድሪስ፣ ጎተት ጎተት አድርገህ አታገኘውም?» አልኩት።

«አይይ፣ አትጠገብ! የጎተቱት ክር ሌላም ቦታ ይበጠሳል። የተበጠሰው አንድ ቦታ ነው፣ ሰው ግን ሁሉንም ቦታ ይመታል» አለኝ።

በወጣትነቱ ከነጋዴዎች ጋር ሱዳን ወርዶ፣ ጥጥ ከሚፈለቅቅ ሞተር ጋር ጥቂት ዓመት ሠርቷል። ከዚያ ይዞት የተመለሰው የወባ ትኩሳትና የሞተር ዕውቀት ነው። ትኩሳቱ በየዓመቱ ይጎበኘው ነበር፤ ዕውቀቱን ግን ቡሬ ውስጥ የሚፈልገው አልነበረም። በኋላ ጣሊያን መጣና ፈለገው።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ወደ ደምበጫና ወደ ሌሎች ሰፈሮቹ መልእክት የሚያደርስለት አንድ ዶቅዶቄ ነበረው። ያኔም አሮጌ ነበር። በቡሬ የጠዋት ብርድ እምቢ ማለት ልማዱ ነው። አንድ ጠዋት መልእክተኛው እየገፋ አምጥቶ ከእንድሪስ ደጃፍ አቆመውና ይረግጠው ጀመር። ይረግጣል፣ በቋንቋው ይሳደባል፣ ደግሞ ይረግጣል። እኛ ከአጥሩ ኋላ ሆነን ደስ ብሎን እናያለን። የጠላት ነገር ሲበላሽ ማየት እንዴት እንደሚጥም የቀመሰው ያውቀዋል።

እንድሪስ ከጉድጓዱ ወጣና ጠጋ ብሎ አሸተተው። ቋንቋ ስለማይግባቡ በእጁ «ተው» አለው። ከሞተሩ ራስ ላይ እሳት የሚጭረውን ነገር፣ ካንዴላ የሚሉትን፣ ፈትቶ አወጣና አሳየው፤ ቤንዚን ያንጠባጥባል። በነጠላው ጫፍ ጠርጎ፣ ጥቂት ፀሐይ ላይ አቆይቶ መለሰው። ዶቅዶቄው አንዴ አስነጠሰና ተነሣ። መልእክተኛው ዘሎ ወጣበትና ሄደ።

«ምን ሁኖ ነው?» አለች እናቴ በአጥሩ ላይ።

«ጠግቦ ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለበትም። የጠገበን ሰው ተነሥ እያልሽ ብትመቺው ይነሣል?» አላት። ሳቅን። እኔ ግን ዛሬም ያንን ጠዋት ሳስበው ምነው ከጉድጓዱ ባልወጣ ኖሮ እላለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ይወስዱታል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ተመልሶ ከጉድጓዱ ይገባል። እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ከገበያው መኻል ቆሞ የነበረው የመስቀያ ግንድ ሲነግረን ስለኖረ፣ እምቢ በል ያለው አልነበረም። ግን እንዴት ታደርጋለህ ብሎ ያዘነለትም አልነበረም። መጀመሪያ «ዶቅዶቄ ቀስቃሹ» አሉት። ቆየት ብሎ «ባንዳው» አሉት። ባንዳ ማለት እንግዲህ ወገኑን ከድቶ ለጠላት ያደረ ሰው ነው፤ ከሌባም ከገዳይም የባሰ ስም ነበር።

ሸማኔን መግደል ጥይት አይፈልግም፣ ፈትል መንሳት ይበቃል። ሴቶቹ ፈትላቸውን ወደ ሌላ ሸማኔ ይዘው መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን እናቴ በአጥሩ ላይ ቆማ፣ «እንድሪስ፣ ፈትሌን መልስልኝ» አለችው። ጋቢዋ ግማሽ ደርሶ ነበር። እሱም «አይይ» አለና፣ ጀምሮት የነበረውን ቆርጦ አወረደ። የቀረውን ክር እየጠቀለለ ሲያቀብላት፣ «እንዳይወሳሰብብሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ የመወርወሪያው ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ጠፋ። ሚስቱ ከድጃ እንጨት ለቅማ እየሸጠች ልጆቿን ታበላ ጀመር።

እኔ አፌ አያርፍም። «ለምን አታበላሸውም? አንድ ነገር ሰብረህ አትተወውም?» አልኩት።

«ብሰብረው የሚጠሩት እኔን፣ አልነሣም ቢል የሚሰቅሉት እኔን» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ልዋሽሽ አልፈልግም አትጠገብ። እጄ የተበጠሰ ነገር አይቶ ማለፍ አያውቅበትም» አለኝ። ይኸኛው መልሱ አናደደኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛውን ደብቆ የመጀመሪያውን ብቻ ይናገር ነበር።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ጫካ ገባ። እኔም ስንቅ ተሸክሜ ተከተልኩት። አለቃችን ግራዝማች ዋሴ ይባላሉ፤ ሰፈራችን ወደ ፈረስ ቤት በሚወጣው ደጋ ላይ፣ አንዲት የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ጀግና ነበሩ፣ አልክድም። ግን ጀግንነትና ትዕግሥት ባንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እኔ አላየሁም። ሕዝቡ ደግሞ ደክሞት ነበር። አንድ እግሩን ከእኛ፣ አንድ እግሩን ከጣሊያን አድርጎ የቆመ ገበሬ በዝቶ፣ ስንቅ እየቀነሰ ሄዶ ነበር።

በሁዳዴ ጾም መካከል፣ የእኛ ሰዎች ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት፣ ያኔ ግን ይህ ስም ካልወጣላት መንደር ወዲህ አድፍጠው መልእክተኛውን ያዙት። እሱ አመለጠ፣ ዶቅዶቄው ቀረ። ሊነዳው የሚችል ሰው ስለሌለ እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ደጋውን አወጡት። አየሁትና አወቅሁት። የእንድሪስ በሽተኛ ነበር።

ግራዝማች በደስታ አላስቀምጥ አላቸው። «የመድኃኔዓለም በዓል ቀን አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ጣሊያን የሚያስጮኸውን እኛም እናስጮኸዋለን። ሕዝቡ ይስማ፣ ልቡ ይመለስ!» አሉ። ግን ማን ያስነሣዋል? ከቡሬ የመጣ አንድ ሰው እንድሪስን ጠቆመ። ከማንኩሳ ገበያ ሲመለስ ጠብቀው፣ እጁን በገዛ ነጠላው አስረው አመጡት።

በበዓሉ ቀን ጠዋት ግራዝማች ፊት አቆሙት። ጎኑ በረኀብ ገብቷል።

«ለጣሊያን ማለዳ ማለዳ ታስነሣለት የለም?» አሉት ግራዝማች።

«አስነሣለሁ፣ ጌታዬ።»

«ለኛም አስነሣ። ሕዝቡ ሳይበተን ከጮኸ፣ የኛ ሰው ነህ። እምቢ ካለ ግን እጅህ ለማን እንዳደረ ታወቀ ማለት ነው። ለጥይቱ አላዝንብህም፣ ገደሉ ቅርብ ነው።»

እጁን ፈቱለት። ጎረቤቴ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ የሚፈልገውን አቀብዪ ብለው እኔን ከአጠገቡ አቆሙኝ። ጠመንጃ የያዘ ዘብ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እንድሪስ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝና ወደ በሽተኛው ዞረ።

«ጠጥተሃል?» አለ። የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፣ ነቅነቅ አድርጎ ድምፁን ሰማ። ጠጥቷል። «ትተነፍሳለህ?» አለ። አየር መሳቢያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ አቧራውን በአፉ እፍ አለ። ይተነፍሳል። «እሳት አለህ?» ካንዴላውን ፈትቶ ከብረቱ አስጠግቶ መርገጫውን ረገጠ። ምንም ብልጭ አላለም። ጠርጎ ደገመው። ምንም።

ከዚያ ከሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታ። እሳቱ የሚወለደው ከዚያ ነው። ክዳኗን ገና ሲያነሣት ውሃ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ። ወዲያው መለሳትና ቁልቁል መሬቱን አየ። ከዶቅዶቄው ሥር አፈሩ ርሷል።

«ዝናብ መቶታል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኧረ በመጋቢት ምን ዝናብ አለ? የደብሩ ቄስ አንዳርጌ ናቸው። የጠላት ዕቃ ነው፣ ርኩስ ነው ብለው ጎሕ ሲቀድ ጠበል አጠመቁት።»

«ረጩት?»

«ምን ይረጩታል፣ አንድ እንስራ ሙሉ ነው ያፈሰሱበት!»

«አይይ» አለ። ከዚህ በፊት እንደዚያ ያለ «አይይ» ሰምቼ አላውቅም። ክዳኗን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «አትጠገብ፣ ይህን አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልሰማሁሽ» አለኝ።

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዶቅዶቄው አልነሣም ካለ ግራዝማች ገደል ይከቱታል። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ፣ በመድኃኔዓለም ቀን፣ ባንዳ የተባለ አንድ እስላም ተነሥቶ «ሞተሩን የገደለው የቄሱ ጠበል ነው» ሊል ነው። ግራዝማች እጃቸውን ሳይሰነዝሩ ሕዝቡ ራሱ ይበላዋል። ቄሱ በአገሩ የተከበሩ፣ ጦሩን የሚያቆርቡ ሰው ናቸው። እኔ ልንገርልህ ብል እንኳ ማን ይሰማኛል?

እንድሪስ እጁን ከጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አወቅሁት፣ የተበጠሰ ድር ሲፈልግ እንደሚቀመጠው ነው። ከዚያ ተነሣና ግራዝማችና ቄስ አንዳርጌ ወደተቀመጡበት ዛፍ ሄደ። ዘቡም እኔም ተከተልነው።

«አባታችን፣ እኔ ሥርዓታችሁን የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ እጅ ነሥቶ።

«ጠይቅ፣ ልጄ።»

«የተጠመቀ ሰው ከጠበሉ ሲወጣ ገላውን ያብሳል?»

«አያብስም። ጠበሉ ከላዩ ላይ መድረቅ አለበት።»

«ወዲያው ወደ ሥራ ይሄዳል?»

«አይሄድም። ዐረፍ ይላል እንጂ።»

«ሲጠመቅስ ልብሱን እንደ ለበሰ ነው?»

ቄስ አንዳርጌ መቋሚያቸውን እንደ ያዙ ትክ ብለው አዩት። «ልብሱን አውልቆ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እንዲያ ከሆነ በዚህ ነገር ላይ ቸኩለንበት እንዳይሆን ብዬ ነው» አለ።

ግራዝማች «ምን ይቀባጥራል ይኸ ሰው!» ብለው ሊነሡ ሲሉ ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። «ግራዝማች፣ ይታገሡ። ሥርዓት አፍርሰናል። ከነልብሱ አጠምቄ፣ ጠበሉ ሳይደርቅለት ለሥራ አስነሣሁት። ልብሱን አውልቁለት፣ ፀሐይ ላይ ይቁም። እኛም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚዎች ነን፣ እሱም ይጹም። እስከዚያ የነካው ሰው ከኔ ጋር የለም!»

ቄስ ከተናገሩ ግራዝማችም ይሰማሉ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። እንድሪስ ተመልሶ ክዳን የተባለውን ሁሉ ፈታና የዶቅዶቄውን ሆድ ለመጋቢት ፀሐይ ከፍቶ አቆመው። ሕዝቡ ከብቦ ያያል፣ አንዳንዱም ከሩቅ እየተሳለመው ያልፋል። መሣቅ አማረኝ፣ ግን የሰው ሕይወት ተንጠልጥሎ እንዴት ይሣቃል?

ከጥላው ዳር ተቀመጥን። እሱ እንደ ሌላው ሁሉ እህል አልቀመሰም። «አንተ ምን አገባህ፣ ትንሽ ቆሎ ልስጥህ?» ስለው፣ «ሰው ሁሉ ጾሞ እኔ ልብላ?» አለኝ። ስለ ከድጃና ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። ደኅና ናቸው አለ፤ የደኅና ሰው ድምፅ ግን አልነበረውም።

«ፈራህ?» አልኩት።

«ደከመኝ እንጂ» አለ። «ጣሊያን ‹አስነሣ› ይለኛል፣ የኛም ሰው ‹አስነሣ› ይለኛል። ‹አንተ እንዴት ነህ?› ያለኝ የለም። እዪው እስቲ ይህን ዶቅዶቄ። ያልተነሣ ሞተርና ያልታመነ ሰው አንድ ናቸው አትጠገብ፣ የመጣ ሁሉ ይረግጣቸዋል።»

እኔም ስንት ጊዜ በምላሴ ረግጬው ነበር።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ቄስ አንዳርጌ ከዛፋቸው ሥር አልተነሡም፤ ዳዊታቸውን ገልጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እንድሪስ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከነጠላው ጥቂት ክር መዝዞ በየስርጉጡ አስገብቶ አወጣ። ደርቋል። ከእኔ ፍም ተቀብሎ ካንዴላውን ከዳሩ አስጠግቶ አሞቀና መለሰው። ክዳኖቹን ገጠመ። ሌሎቹ ቀሳውስት ቅዳሴውን ፈጽመው ሕዝቡ ሊበተን ሲል ግራዝማች ሽጉጣቸውን ታጥቀው መጡ።

«ቢስሚላህ» አለና ረገጠ። ዝም። ዘቡ ጠመንጃውን አስተካከለ። እንደገና ረገጠ። አንዴ አሳለው፣ ጠፋ። እኔ መሬት መሬቱን ነበር የማየው። ከዚያ ያ የቡሬ ጩኸት ደጋውን ሞላው።

እልልታው ሌላ ነው። የግራዝማች በቅሎ ገመዷን በጥሳ ፈረጠጠች፣ አህዮቹ ተከተሏት፣ ሽማግሌዎች ተሳለሙ፣ ፎካሪው ፎከረ። ግራዝማች ከዶቅዶቄው ላይ ተፈናጠጡ፤ ግን እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንድሪስም እንኳ አስነሥቶት እንጂ ነድቶት አያውቅም። እንደዚያው እንደ ቆመ፣ ግራዝማችን እንደ ተሸከመ፣ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ አያውቅም፤ ክረምቱ ሲገባ ጎርፍ ወሰደው። በማግስቱ ግን ስንቅ የጫኑ አህዮች ከየመንደሩ ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

«የኛ ሰው ነህ!» አሉት ግራዝማች ትከሻውን እየመቱ።

«ትናንትም ነበርኩ፣ ጌታዬ» አላቸው። «አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ቡሬ ሲገቡ ከገበያው መኻል ቆመው ‹እንድሪስ ባንዳ አይደለም› ይበሉልኝ።»

«አንድ ቃል አይደለች? እላለሁ!»

አላሉም። ቡሬ ነጻ ከመውጣቷ በፊት ግራዝማች በጦርነት ወደቁ፣ ቃሉም አብሮ ተቀበረ። ጣሊያን ሲወጣ እንድሪስ ቡሬ ውስጥ ያው ባንዳው ነበር። ልጆች ከደጃፉ ድንጋይ ይወረውራሉ። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ተናገርኩ። «ጎረቤቷ ስለሆነ ነው» አሉኝ። እናቴ እንኳ አላመነችኝም። እሱ ግን ማንንም አልተከራከረም። ከባዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ መወርወሪያውን እየዳበሰ ይውላል። ያን ማየት ከድንጋዩ ይልቅ ያምም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ቄስ አንዳርጌ ከደጋው ወረዱ። ፈትል በጀርባቸው ተሸክመዋል። ቄስ ፈትል ተሸክሞ ገበያ ሲያቋርጥ ማን አይቶ ያውቃል? ሰው ሁሉ እጁን ከሚሸጠው ላይ አንሥቶ ተመለከተ። ተከተልናቸው። ከእንድሪስ ደጃፍ ቆመው፣ በቅዳሴ ድምፃቸው፣ «እንድሪስ! ጋቢ ሥራልኝ! እስክቀበር የምለብሰው ነው!» አሉ። ሌላ ስብከት አልሰበኩም። በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ፈትል ይዛለት መጣች። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። የመጨረሻዋ እናቴ ነበረች፤ ያንኑ በጨርቅ የተጠቀለለ ክር በአጥሩ ላይ አቀበለችው። «አይይ፣ አልተወሳሰበም» አላትና ተቀበላት።

እንግዲህ ለቅሶው ቤት የደረስኩት ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነው። ቀብሩ ደርሶልኝ ከሴቶቹ ጋር በሩቁ ቆሜ አለቀስኩ። ተመልሰን ስንቀመጥ፣ ከድንኳኑ ዳር ምንጣፍ ላይ ቄስ አንዳርጌን አየኋቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት ሆኗል፤ የልጅ ልጃቸው እየመራ አምጥቷቸዋል። ያ ጋቢ፣ ስንት ቦታ ተጥፎ፣ ከትከሻቸው ላይ ነው። ከአጠገባቸው ተቀመጥኩና ስሜን ነገርኳቸው።

«አባ፣ ሳልጠይቅዎ እንዳልሞት። ያን ቀን የሞተሩን ነገር ያውቁ ነበር?»

«ገና ‹የተጠመቀ ሰው ገላውን ያብሳል ወይ› ሲለኝ አወቅሁት። እግዚኦ፣ አልኩ በልቤ፣ ሰዎቹ እሱን ሊገድሉት ነው፣ እሱ ግን ለኔ ጠበል ስም ይጨነቃል።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጸለዩት ሞተሩ እንዲነሣ ነው?»

«አይደለም ልጄ። ባይነሣ፣ ‹ውሃ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን ልቀቁት› የምልበት ልብ እንዲሰጠኝ ነበር።»

«ይሉ ነበር?»

ጣታቸው የጋቢውን ጥለት እየዳሰሰ ክር በክር ሄደ።

«እንጃ። ሞተሩ ተነሣ፣ እኔም ሳልፈተን ቀረሁ። ፈትሉን ተሸክሜ የወረድኩት ደግ ሰው ሁኜ እንዳይመስልሽ፣ ዕዳዬን ነው የተሸከምኩት» አሉ። «እሱም ያውቅ ነበር። ጋቢውን አጥቦ፣ ገና እርጥብ እንደሆነ ሲያስረክበኝ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹አባ፣ እርስዎ ሥርዓቱን ያውቁታል፣ ሳይደርቅ እንዳይለብሱት› አለኝ።»

ሣቁ። ሣቃቸው መኻል ላይ ተሰበረና ከጠፋው ዓይናቸው እንባ ወረደ። በጋቢው ጫፍ ሊያብሱት ከፍ አደረጉና ተዉት።

«ይኸው፣ ዛሬም አልደረቀ» አሉኝ።